ያወጣው ያንሣው

አባቴ እምቢ ማለት ነበረበት፤ አላለም። ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

አማቴ ኦቦ ጨመዳ ሰው በሞላው ሳሎናቸው መሀል ቆመው ልጄን ከባለቤታቸው ከአዴ ቀለሟ እጅ ተቀበሉ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ "ሶዳ፣ የዛሬ ትልቁ እንግዳችን እርስዎ ነዎት። የልጁን ስም እርስዎ ያውጡልን" አሉት። ሶዳ አማች ሲጠሩ የሚሉት ነው።

እንዲህ ያለ ግብዣ እንዴት እንደሚመለስ ነቀምቴ ውስጥ የማያውቅ የለም። ተጋባዡ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ኧረ ባለቤት እያለ!" ይላል። ጋባዡ ይለምናል። ተጋባዡ እንደገና እምቢ ይላል። በመጨረሻ ጋባዡ "እንግዲህ ካሉ" ብሎ አስቀድሞ የተዘጋጀውን ስም ይናገራል። ሁለቱም ተከባብረው ወደ ገንፎው ይኬዳል። የልጄም ስም ተዘጋጅቶ ነበር፤ ኢቢሳ። ባሌ ሮብሳንና እኔ ገና ሆዴ ሳይገፋ የተስማማንበት ነው። አጭር ነው፣ ብርሃን ማለት ነው፣ ለአማርኛም ለኦሮምኛም አፍ አይከብድም፣ ማንንም አይነካም። ኦቦ ጨመዳም ያውቁት ነበር።

አባቴ ግን ተነሣ። ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰና ሁለት እጁን ዘርግቶ ልጁን ተቀበለ።

"ደመላሽ" አለ።

በዚያ ቤት ስም ሲወጣ የተሰበሰበው ሰው ስሙን ደግሞ ይጠራና "ጉደዹ!" ይላል፤ እደግ ነው። ያን ቀን ማንም አልደገመም። ለጸሎት የመጡት ፓስተር መጽሐፋቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። አዴ ቀለሟ ወደ ጓዳ ገቡ። እዚያ ሳሎን ውስጥ አማርኛ የማይሰማ አልነበረም፤ ደመላሽ ማለት የተገደለበትን የሚበቀል፣ ደም የሚመልስ ማለት መሆኑን ማስረዳት አላስፈለገም። አባቴ አቶ ተረፈ ከጎጃም ዘር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ልጁ ቂርቆስ፣ የእኔ ወንድም፣ ጊዳ አያና ውስጥ መገደሉንም ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ ሁሉም ልጄን ማየት ጀመረ። ልጄ አዛጋ።

መጀመሪያ የተናገሩት ኦቦ ገለታ ናቸው። በአማቴ እናት በኩል ዘመድ ሲሆኑ፣ ከጊዳ የመጡ፣ ጥርሳቸው ያለቀ ሽማግሌ ናቸው። እንደ ሰላምታ ባለ ለስላሳ ድምፅ፣ "ደመላሽ" አሉ፣ "የጭቃ ሹሙ ስም አይደለም እንዴ?"

"አያቴ ናቸው" አለ አባቴ።

"ዹጋዸ፣ እውነት ነው። አያቴ የእርሳቸውን መሬት ነበር የሚያርሱት። ሲሶ ነው ተብሎ ተጀመረ። ከዚያ እኩል ሆነ። ከዚያ ደግሞ ላሚቱም ሄደች።"

"አዎ" አለ አባቴ። "ይባላል።"

"ላሚቱ ቡሬ ነበረች፣ ጥቁርና ነጭ" አሉ ኦቦ ገለታ፤ ገንፎውም መጣ።

እኔ ያደግኩት የታሪኩን ሌላ ግማሽ እየሰማሁ ነው። በእኛ ቤት ሲወራ ደመላሽ ጀግና ነው። አባቱ ጎጃም ውስጥ በወሰን ጠብ ተገደለ፤ እናቱ ገና እርጉዝ ነበረች። ወንድ ስትወልድ ደመላሽ አለችው፤ እያጠባች፣ እያዘለች፣ እየተቆጣች በዚያ ስም ጠራችው። ጢሙ ሲወጣ የገዳዩን ልጅ አድፍጦ ገደለና ዓባይን ተሻገረ። ወለጋ የገባነው በዚህ ምክንያት ነው። አንዲት መበለት ለልጇ ስም ስላወጣች። ላሚቱን ግን ከኦቦ ገለታ በፊት የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አባቴ ጊዳ ተወልዶ ጊዳ ያረጀ ሰው ነው። ኦሮምኛው ከእኔ ይበልጣል፣ ደንቡንም ከእኔ በላይ ያውቃል። ግብዣው ለወግ እንደሆነ አልገባውም ብዬ ልከራከርለት አልችልም።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከባጃጁ ሹፌር ጎን ተቀመጠ፤ እኛ ከኋላ ነበርን። ልጁ እቅፌ ውስጥ ተኝቷል።

"በቃ ኢቢሳ እንለዋለን" አልኩት ሮብሳንን በሹክሹክታ።

"አይሆንም።"

"ለምን አይሆንም? ልጁ የኛ ነው።"

"አባቴ ክብሩን ሰጠ፣ አባትሽ ተቀበለ። ስም ያወጣ ሰው ነው የሚያነሣው። ሌላ ሰው ከነካው አባትሽን ሰደብን፣ አባቴንም ውሸታም አደረግን ማለት ነው።"

"ስም ነው እኮ ሮብሳን። ድልድይ አይደለም።"

"ድልድይ ቢሆንማ ላንቺ እንተውልሽ ነበር።"

የተማርኩት ሲቪል ምህንድስና ነው። ከመውለዴ በፊት የከተማ መንገድ ሥራ እቆጣጠር ነበር። የተሰነጠቀ ነገር ሳይ የት እንደሚፈርስና ምን እንደሚያስፈልገው መናገር ለምጃለሁ። ይኼኛውም ቀላል መስሎኝ ነበር፤ አባቴ አንድ ቃል በአፉ ይናገር፣ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለስ።

ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የተከራየነው ቤት ከጓሮው አንድ ክፍል አለው። አባቴ ከጊዳ ከወጣ ጀምሮ የሚኖረው እዚያ ነው። የመጣው አንድ ፌስታልና የእናቴን ነጠላ ይዞ ነው፤ እናቴ ቀድማ ነው የሞተችው፣ ይህን ሁሉ ሳታይ። የቂርቆስን ነገር አንድ ጊዜ ብቻ ነገረኝ። ታጣቂዎች መጡ፤ ሄዱ። ሌሎች መጡ፤ እነሱም ሄዱ። በመሀል ቂርቆስ በቆሎ ሊጠብቅ በወጣበት ማሳ ውስጥ ወድቆ ተገኘ። ገዳዩን የሚያውቅ የለም፤ የሚገምት ግን ሞልቷል፣ እያንዳንዱም የሚገምተው ያንኛውን ወገን ነው። ከዚያ ወዲያ እሱ ሊያወራ ሲጀምር እኔ ሥራ ይኖረኝ ነበር፤ እሱም ተወው።

በማግስቱ ጧት ልጁን ፀሐይ እያሞቀ አገኘሁት። "ደሜ፣ ደምዬ" ይለዋል።

"አባዬ፣ ያንን ስም አንሣው።"

"የትኛውን?"

"ታውቀዋለህ።"

"ደመላሽ የሚባል አገሩ ሞልቷል። እዚያ መጋዘኑ በር ላይ የሚቆመው ዘበኛ ደመላሽ ነው። ማንን ገደለ? ቆሞ ነው የሚተኛው።"

"የዘበኛው አባት ሮብሳን ጨመዳ አይደለም።"

አባቴ የልጁን ካልሲ ወደ ላይ ሳበ።

"ቂርቆስን ማስታወስ ከሆነ የፈለግከው ቂርቆስ በለው። እኔ እስማማለሁ። ሮብሳንም አይጠላም።"

"ቂርቆስ አንድ ነው። በሌላ ሰው ላይ አልጠራውም።"

"እሺ፣ ደመላሽ ካልከው ደግሞ ከማን ነው የሚመልሰው? ቤት ውስጥ ያለው ኦሮሞ አንድ ነው። አባቱን ይግደልልህ?"

ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ ከዕድሜው በላይ ፈዘዋል። "እግዜር ይቅር ይበልሽ" አለና ልጁን ሰጥቶኝ ወደ ክፍሉ ገባ።

ከዚያ በኋላ ማንም ሳይጣላ ሁሉም ነገር ቀዘቀዘ። አዴ ቀለሟ ቀድሞ በየሁለት ቀኑ እየመጡ፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አጥንትሽ ይጠንክር" እያሉ የተቀቀለ የአንጮቴ ሥር በቅቤ ያበሉኝ ነበር። አሁን አንጮቴው በባጃጅ ሹፌር እጅ ይመጣል፤ ቀጥሎ እሱም ቀረ። ስልክ ሲደውሉ "ጉርባን አከም?" ይሉኛል። ልጁ እንዴት ነው ማለታቸው ነው፤ ስሙን ላለመጥራት የማይዞሩበት ጥግ የለም። የሮብሳን እህት ፌኔት "ያ ልጅ" ትለዋለች። ሮብሳን ራሱ "አባቴ"፣ "ጌታው"፣ "ወፍራሙ" ይለዋል። በሰባት ቅጽል ተጠርቶ በአንድ ስም የማይጠራ ልጅ ሆነ።

ሮብሳን የእንስሳት ሐኪም ነው። የሚሠራው ኑኑ ቁምባ ወረዳ ስለሆነ ቅዳሜ መጥቶ ሰኞ ይመለሳል። አንድ ቅዳሜ ዝናብ መንገዱን ቆርጦታል አለ። መንገድ አውቃለሁ፤ ያን ሳምንት የዘነበው ዝናብ ምንም አይቆርጥም። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ የከብት በሽታ ገብቷል አለ።

"እውነቱን ንገረኝ" አልኩት በስልክ።

"እውነቱ? አባትሽ እዚያ ጓሮ ቁጭ ብሎ ልጄን ‘አባትህን ግደል’ እያለ ሲያባብለው መስማት ደክሞኛል።"

"እንደዚያ ማለቱ አይደለም።"

"እኔም አይደለም ብዬ አምናለሁ። ግን አማርኛ እሰማለሁ፣ ሲና። ስታገቢኝ ብዙ አማርኛ ትችላለህ ብለሽ ነው ያሞገስሽኝ።"

ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ "ልጁን ሳሚልኝ" ብሎ ዘጋው።

በዚያ ሳምንት ልጁን ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። አግዳሚው በእናቶች ተሞልቷል። ነርሷ ቀና ሳትል "የሕፃኑ ስም?" አለች። አፌን ከፈትኩ። ከግራዬ ሻሽ ያሰረች ሴት፣ ከቀኜ በኦሮምኛ የምታጉረመርም ወጣት፣ ከኋላዬ ሌሎች። ስሙን ጮክ ብዬ ልጠራው አልቻልኩም።

"ገና አልወጣለትም።"

"ይኼ የሚያህል ወጠምሻ?" አለች ባለ ሻሿ። "እቴ፣ ስም አለቀ እንዴ?"

"አባትየው ይዞት ሄዶ ይሆናል" አለች ወጣቷ በአማርኛ፤ አግዳሚው በሙሉ ሳቀ።

"አባቱ አለ" አልኩ።

"አለ ያልሽው ሁሉ አለ ማለት አይደለም" አለች ባለ ሻሿ፣ ሳትከፋብኝ፤ ቂጣ ቆርሳም ሰጠችኝ። ልጄ በእኔ ስም ተመዝግቦ ተከተበ። ቂጣውን እየበላሁ በእግሬ ተመለስኩ። መንገድ ላይ ይህን ነገር ለማን ላውራው ብዬ አሰብኩ። ለሮብሳን ብነግረው ልቡ ይሰበራል። ለአባቴ ብነግረው ሰደብሽኝ ይላል። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ የቴሌግራም ቡድን አለን፤ ግማሾቹ ከአንድ ወገን፣ ግማሾቹ ከሌላው ናቸው፣ ከጦርነቱ ወዲህ ልደትና ሰርግ ካልሆነ አይጻፍበትም። ለማንም አልነገርኩም።

ኦቦ ጨመዳ የመጡት በአንድ ቅዳሜ ረፋድ ነው። ከኦቦ ገለታ ጋር ነበሩ። ሮብሳንም በዋዜማው ከኑኑ ቁምባ ገብቶ ነበር፤ መምጣቱ ከእኔ ይልቅ አባቱን ፈርቶ መሆኑ ገብቶኛል። አባቴን ከጓሮ ጠራሁት። ኮቱን ለብሶ መጣ። የሰላምታው ነገር ረጅም ነው፤ ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ጉልበቱ፣ የጊዳ መንገድ፣ የኦቦ ገለታ የጥርስ ነገር። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ልጁን አጠባለሁ።

"ሶዳ" አሉ ኦቦ ጨመዳ በመጨረሻ። "እኔ ክብር የሰጠሁ መስሎኝ ነበር። ሐዘንተኛ ሰው ፊት ባዶ ሳህን እንዳቀረብኩ አልታየኝም። ያለዎትን አደረጉበት።"

አባቴ ራሱን ዝቅ አደረገ።

"አሁን ደም በእኔ ቤት፣ በእኔ የልጅ ልጅ ላይ ተጠርቷል። ደም ተጠርቶ ዝም አይባልም። በእኛ ወግ ደም ሲጠራ ጉማ ይቆማል። የገዳይ ወገን ከብት ያቀርባል፣ ሽማግሌ ይምላል፣ ይታረቃል፣ ከዚያ ወዲያ ያንን ደም የሚያነሣ የለም።"

"ገዳዩ አይታወቅም እኮ" አለ ሮብሳን። "ማን ነው የሚያቀርበው?"

"እኔ።"

"አንተ ምን አጠፋህ?"

"ባለቤት የሌለው ደም የአገሬው ነው። አገሬው ደግሞ ዛሬ እዚህ የተቀመጥኩት ነኝ። ጊደር አመጣለሁ። ሶዳም ስሙን ያንሡልን።"

"ሶዳ፣ ተቀበላቸው" አሉ ኦቦ ገለታ። "ብቻ እንደ አያትህ ላሚቱን ካልጨመራችሁ እንዳትል።"

ሮብሳን ሳቁን ሊይዝ ሞክሮ አልቻለም። አባቴም ሳቀ፤ እውነተኛ ሳቅ ነበር፣ ከቂርቆስ በኋላ አይቼው አላውቅም። ለአፍታ በቃ አለቀ አልኩ። ስሙ ይነሣል፣ ሮብሳን ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፣ አባቴ ጓሮ ፀሐይ ይሞቃል።

"ቡሬ ጊደር ከሆነች ደግሞ ለርስዎ ነው የምሰጣት፤ የአያቴን ዕዳ ልክፈል" አለ አባቴ ለኦቦ ገለታ። ከዚያ ሳቁ ሄደ። "ግን አልቀበልም።"

"ምነው?" አሉ ኦቦ ጨመዳ።

"ቂርቆስን ከእኔ ጋር የቀበረው ጎረቤቴ ነው፤ ቀነአ ይባላል። የእናንተው ሰው ነው። ሁሉም ሲሸሽ መቃብሩን የቆፈረው በራሱ ዶማ ነው። ከርስዎ ጊደር ተቀብዬ ቀነአን በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ? እናንተ ጋ የምፈልገው ደም የለም።"

"ታዲያ ስሙን…"

"ስሙን ሲሰማ ሰው ይደነግጣል። ሲደነግጥ ‘ምን ሆኖባቸው ነው?’ ብሎ ይጠይቃል። ሲጠይቅ ቂርቆስ ይባላል።" እጁን ጉልበቱ ላይ አሸ። "ሬዲዮው ይህን ያህል ሰው ሞተ ብሎ ቁጥር ተናገረ፤ እሱ ከቁጥሩ ውስጥ ይኑር አይኑር እንኳን አላውቅም። እዚህ ቤት የቂርቆስን ስም የሚያነሣ የለም። ልጅቷም አታነሣውም።"

ልጅቷ እኔ ነኝ። ሦስቱም ወደ እኔ አልዞሩም፤ ቢዞሩ ይሻል ነበር።

ኦቦ ጨመዳ ጡረታ ሳይወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ ልጅ መልሱን እስኪያገኝ የሚጠብቁ ዓይነት። "ልጁ ግን ሶዳ" አሉ ቀስ ብለው፣ "ማንንም ሳያውቅ ነው የሚደነገጥበት። ትምህርት ቤት ስሙ ሲጠራ ዞረው የሚያዩት እሱን ነው፣ ቂርቆስን አይደለም። የርስዎም አያት እኮ ስሙን አልመረጡትም።"

አባቴ ወለሉን አየ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ እጁን ዘረጋ። "ስጪኝ።"

ልጁን ከጡቴ አላቅቄ ሰጠሁት። አለቀሰ። አባቴ እስኪያባራ አልጠበቀም፤ በልቅሶው ላይ ነው የተናገረው፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ፣ ሁሉም እንዲሰማው። "ደመላሽ ያልኩህ እኔ ነኝ። አንሥቼዋለሁ። ከዛሬ ወዲያ በዚህ ስም የሚጠራህ የለም።"

"ሌላ ይስጡት እንግዲህ" አሉ ኦቦ ጨመዳ።

"ሌላ የለኝም።"

ልጁን ለሮብሳን አቀበለው። ሮብሳንና አባቱ ተያዩ። "ኢቢሳ" አሉ ኦቦ ጨመዳ። "ኢቢሳ፣ ጉደዹ" አልን፤ ኦቦ ገለታ ከሁላችን ዘግይተው፣ ሮብሳን ከሁላችን ጮክ ብሎ። አባቴም አለ። አፉ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

ምሳ ከተበላ በኋላ ሮብሳን ሽማግሌዎቹን ሊሸኝ ሄደ። ደረቱን ነፍቶ ነበር የወጣው፤ በሩ ላይ ዞሮ "ኢቢሳ!" ብሎ ለልጁ እጁን አወዛወዘለት። እኔም እጄን አወዛወዝኩ። ልጁን አስተኝቼ የምሳ ሰሃን ማጠብ ጀመርኩ። ቀለል ብሎኝ ነበር፤ አልክድም።

አባቴ በጓሮ በር ገባ። ኮቱን አላወለቀም። ፌስታሉን ይዟል።

"የት ነው?"

"ጊዳ አያና።"

"ዛሬ?"

"መናኸሪያ አንድ መኪና አለ አሉኝ።"

"መንገዱ አያስተማምንም።"

"ቀነአ ሰሞኑን ሰላም ነው ብሏል።"

"ቤትህ ተቃጥሏል አባዬ።"

"ቀነአ ጋ አድራለሁ። በኋላ አንድ ነገር እሠራለሁ። ቆርቆሮው ሁሉ አልነደደም።"

እጄን በቀሚሴ ጠረግኩ። "ስሙን ስላስነሣንህ ነው? ተቀይመህ ነው?"

"አልተቀየምኩም። ልክ ናቸው። ሕፃን ላይ የሚጫን አይደለም።" ፌስታሉን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዞረ። "አያና ውስጥ ቂርቆስን የሚያውቁት ሰዎች አሉ። በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ እጁ ሲሰበር ያሰሩለት ሰውዬ አሉ። በሬ የሸጠለት አለ። ያላገባት ልጅ አለች። ቁጭ ብለን እናወራለን። እዚህ አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺም ሥራ ይኖርሻል።"

"አሁን ሥራ የለኝም። ቁጭ በልና አውራኝ።"

"ሰሃኑ ይደርቅብሻል" አለ። ለመቆጣት አልነበረም።

መኪናው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ ታጣቂ ቢያስቆመው ምን እንደሚል፣ ስልኩ ሂሳብ እንዳለው ጠየቅሁት። ለሁሉም መልስ ነበረው። የቀረኝ ጥያቄ አልነበረም። የመክሰሱን ዳቦ ፌስታሉ ውስጥ ጨመርኩለት፤ አልመለሰውም። ሳመኝ፤ ጢሙ ወጋኝ። ወደ መኝታ ክፍሉ አንገቱን አስግጎ የተኛውን ልጅ አየና ምንም ሳይጠራው ተመለሰ።

"ቂርቆስ ቢኖር አያስሄድህም ነበር" አልኩት።

ቆመ። ስሙ ከአፌ ሲወጣ እንግዳ ሆኖ ነው የተሰማኝ፤ የሌላ ሰው ወንድም የጠራሁ ያህል። አባቴ ተጨማሪ ነገር እንደምል ፊቴን እያየ ጠበቀ። ምን እንደምጨምር አላወቅኩም። ስለ እሱ አንድ ነገር፣ ማንኛውንም፣ ማስታወስ ነበረብኝ፤ ጭንቅላቴ ውስጥ የመጣልኝ ግን የመናኸሪያው መኪና ነበር።

"አዎ" አለ በመጨረሻ። "እሱ አያስሄደኝም ነበር።"

ፌስታሉን አነሣ፣ ወጣ፣ በሩንም ከኋላው ዘጋው።